እጅ የነሣነው ሳጥን

«ቀስ በል አንተ፣ የጫንከው ኮኮናት አይደለም» አሉኝ ዳሞዳራን ማሽ፣ ታንኳዬ የሐይቁን መሀል ይዛ ስትከንፍ።

ኮኮናት እንዳልሆነስ አላጣሁትም። ኮኮናት ትራስ ላይ ተቀምጦ አያውቅማ። ያ ሳጥን ግን በታንኳዋ መሀል፣ ማሽ ከቤታቸው ባመጡት አበባ የተጠለፈበት ትራስ ላይ እንደ ሙሽራ ተደላድሎ እኔን ሎሌውን ቁልቁል ያየኛል። ፖሊሱ አስር አለቃ መታይ የቀርከሃ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊቱ፣ ማሽ ከኋላው ተቀምጠዋል። ማሽ ጡረታ ደጃፍ ላይ የቆሙ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኛ አገር መምህርን ሁሉ «ማሽ» ነው የምንለው፤ ለዚያን ቀን ግን መንግሥት የፓራታራ ደሴት የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ አድርጎ ሾሟቸዋል። ፀሐዩ ገና በጧቱ አናት ይበሳል፤ እሳቸው ደግሞ ራሳቸውን የሸፈኑት በፎጣ ነው።

«ጃንጥላዎን አዞ በላው እንዴ፣ ማሽ?» አልኳቸው።

«ጃንጥላ የኩሩፕ የምርጫ ምልክት ነው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ጣቢያ ከገባሁ ቅስቀሳ ይባላል።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«እበሰብሳለኋ። አርፈህ ቅዘፍ።»

ሰውየው እንዲህ ናቸው። ሕግ ካለ ከሕጉ ውጭ አይተነፍሱም። ይህን ነገራቸውን ያዙልኝ፣ ቆይቶ የሚያንቀን እሱ ነውና።

በዚያች ታንኳ ብዙ ነገር አሻግሬያለሁ። አንድ ጊዜ የቤተ መቅደስ ዝሆን አሻግሬ ዝሆኑ ግማሹን መንገድ በኩምቢው ቀዝፎልኛል፤ የማያምን ዝሆኑን ይጠይቅ። የምርጫ ሳጥን ማመላለስም አዲሴ አልነበረም። ቀድሞ የሚመጣው የቆርቆሮ ሳጥን ነበር፤ ከዓሣ ቅርጫት ጎን ወርውሬው እሄዳለሁ፣ ወርውሬው እመለሳለሁ። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መትተን አጥፈን እንከታለን። ማኅተሙ ተንሸራትቶ ካለቦታው ያረፈበት ሰው ወረቀቱን ለኃላፊው ይመልሳል፣ ሌላ ይሰጠዋል። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሁለት ዓመት በግንቦት ግን ወረቀት ቀረ ተባለና ይህ ባለ ባትሪው ጌታ መጣ።

«ማሽ፣ ድምፃችን እዚህ ውስጥ ሲገባ የት ነው የሚቀመጠው?»

«በውስጡ።»

«ውስጡ የት ጋ?»

«ውስጡ አልኩህ፣ ኮቻፒ። እኔም የማውቀው አንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሰብስበው የነገሩንን ነው። ሲጫኑት ይጮኻል፣ ከጮኸ ገብቷል። በቃ።»

«ከገባ በኋላ ልውጣ ቢልስ?»

«አይወጣም።»

አስር አለቃ መታይ ሳቀ። «እንደ ኮቻፒ ወሬ ነዋ። አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

የፓራታራ ሰው ያን ምርጫ የፈለገው ለወግ አልነበረም። ከባሕር በኩል የሚከልለን ክትር ፈርሶብናል። ክትሩን የሠራው ራሱ ባለ ጃንጥላው አናንታ ኩሩፕ ነው። የድንጋይ ሒሳብ ከመንግሥት ተቀብሎ በአሸዋና በኮኮናት ቅጠል ሞላው፣ ላዩን በሲሚንቶ ቀባው፤ እንደ ሙሽራ ኩሎ ለጎርፍ ዳረው ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ክትሩ ሲተረተር አጎቴ ካንዳን የጭቃ ጆንያ ታቅፎ ቀዳዳውን ሊደፍን ወረደ፣ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የጨው ውኃ በየማዕበሉ ሩዙን ይልሰዋል። የካንዳን ሚስት አክስቴ ቺሩታ ቤቷ ክትሩ ሥር ስለሆነ ውኃው አልጋዋ ሥር ያድራል። ድመቷ ከአልጋ ሳትወርድ ዓሣ ታጠምዳለች ብል ዋሸህ አትበሉኝ፤ ዓሣው ትንሽ ነው እንጂ ማጥመዷን ማጥመዷ እውነት ነው።

ክረምቱ ደጅ ደርሷል። ሰኔ ሳይብት ድንጋይ ካልመጣ ደሴቲቱ ትሄዳለች። እና የእኛው ልጅ ቬላዩዳን፣ ከሴቶቹ ጋር የኮኮናት ቃጫ ሲቀጠቅጥ ያደገው፣ በፋኖስ ምልክት ኩሩፕን ሊገጥም ቆመ። በሌላው ቀበሌ ሁለቱ አንገት ለአንገት ነበሩ። ሚዛኑን የምንደፋው እኛ ነን፤ ፓራታራ ደግሞ ከጎጆ እስከ ጎጆ ፋኖስ ነበረች። ኩሩፕም ይህን ስለሚያውቅ ሊለምነን እንኳ አልመጣም።

ደረስን። ሳጥኑን ወደ ትምህርት ቤቱ ተሸክመን ገብተን የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። ማሽ ጫማቸውን አወለቁ፤ የጣቶቻቸውን ጫፍ በሳጥኑ ክዳን ላይ አሳርፈው ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔም ነካሁና ዓይኔን ተሳለምኩ። መታይም፣ ክርስቲያን ነው፣ ግን የኛው አገር ክርስቲያን ነውና፣ ነካ። ይህ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ታንኳ ላይ ስትወጣ አፍንጫዋን፣ ቢላ ስታነሣ ስለቱን፣ አዲስ ሚዛን ገበያ ሲመጣ ክንዱን፣ እጅህ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘውን ጫፍ ነክተህ ወደ ዓይንህ ነው። እንጀራህን ለሚሰጥህ ነገር እጅ ሳትነሣ ሥራ አትጀምርም።

ማሽ ክዳኑን ከፈቱ። ማሽኑ እንደ ትንሽ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው፤ የተወዳዳሪዎቹ ስምና ምልክት ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ በየጎኑ ሰማያዊ ቁልፍና ትንሽ ቀይ መብራት አለው። ከሁሉ በላይ አናንታ ኩሩፕ ከነጃንጥላው። ቬላዩዳን ከታች፣ ከግርጌው ነው። ከዚያ በኮኮናት ቅጠል ከለሉት፣ ከበሩ ራቅ ብሎ በኖራ መስመር አሰመሩ፣ ሕዝቡም ገባ።

መጀመሪያ የገቡት ቃጫ ቀጥቃጮቹ ሴቶች ናቸው። ከቅጠሉ ጀርባ ማሽኑ «ፒ———ይ» ሲል እኛ ውጭ ያለነው እናጨበጭባለን። የፋኖስ ታዛቢ ሆኖ ማሽ ጎን የተቀመጠው ሽማግሌው ኢታን፣ በጮኸ ቁጥር ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ ይላል። አንዷ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም እያራገበች ወጣች።

«እንዴት ነው?» አልናት።

«ጨዋ ነው ባካችሁ። ሰላም ስለው አቤት አለኝ።»

«እኔንም አቤት አለኝ» አለች ተከታይዋ። «ኩሩፕ ቤት ሄጄ አንድ ቀን አቤት የሚለኝ አላገኘሁም። የሱ ማሽን ቢሆን ዝም ይለን ነበር።»

ተሳሳቅን። እኔም ማሽኑ ውስጥ አጭር ጸሐፊ ተቀምጧል፣ ምሳውን በባትሪው ቀዳዳ ነው የሚያስገቡለት እያልኩ ሰልፉን ሳስቅ አረፈድኩ። ተራዬ ደረሰ።

ከቅጠሉ ጀርባ ገባሁ። እጄ ወረደ። መጀመሪያ ያገኘውን የላይኛውን ጫፍ ነካሁና ጣቴ ወደ ዓይኔ ሲሄድ «ፒ———ይ» አለ። እኔም በልቤ አቤት አልኩት። ከዚያ ፋኖሱን ተጫንኩ።

ዝም።

ደግሜ ተጫንኩ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ዝም። ቀና ስል ቀይዋ መብራት በርታለች፤ ከጃንጥላው ጎን።

ሰው ታንኳው ሥር ቀዳዳ ሲያይ ውኃው ወዲያው አይመጣም፤ መጀመሪያ ቀዳዳው ነው የሚታየው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ጣት ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ መጡብኝ። አቤት አለኝ ያለችው፣ እኔንም ያለችው፣ ኢታን ፈገግ ያለበት ጩኸት ሁሉ።

«ማሽ፣ አንዴ ይምጡ» አልኩ።

«አልመጣም። ድምፅህ ምስጢር ነው።»

«ምስጢሬን እኔም አላወቅኩትም። አንዴ ልድገም።»

«ጮኋል። ውጣ።»

ወጣሁና ጆሯቸው ሥር ተጎነበስኩ። «ማሽ፣ ሕዝቡ እጅ እየነሣው ነው። እርስዎ ክዳኑን እንደነኩት። ላይኛውን ቁልፍ ይነካሉ፣ ይጮኻል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ፋኖሱን ቢጫኑት አይሰማም።»

ማሽ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ሊቆጡኝ ነበር። ከዚያ የገዛ ቀኝ እጃቸውን አዩት። ጣቶቻቸውን ሰብስበው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡት።

«ስንት ሰው ገብቷል?» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን።

የሰማው ኢታን ነበር። የፈገግታው ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እኔም እኮ ነክቻለሁ» አለ። 

የኩሩፕ ታዛቢ ሴካራን ይባላል፤ ነጭ ሽርጥ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ወንበሩን ወደኛ ሳበ። «ምን ተገኘ?»

«ምንም። ለሰልፉ አንድ ማሳሰቢያ ልናገር ነው፤ የማሽኑን ላይኛ ጫፍ እንዳይነኩ» አሉ ማሽ።

«ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ማን ነው፣ ማሽ?»

ማሽ የመራጮቹን ዝርዝር ገለበጡ።

«የጣቢያ ኃላፊው ሕዝቡን ጃንጥላ አትንኩ ብሎ ቀሰቀሰ ልበል?»

«ሴካራን፣ ሰላምታ እኮ ነው። ያንተም እናት ብትገባ ታደርገዋለች።»

«እናቴ ጃንጥላ ነው የመረጠችው። እኔ ሰው በጣቱ የተጫነውን ሰላምታ ነው፣ ስግደት ነው እያልኩ ልቡን የምመረምር ካህን አይደለሁም። ሕጉ ከጮኸ ገብቷል ይላል። አይልም?»

«ይላል» አሉ ማሽ። ጃንጥላቸውን ቤት ትተው በፎጣ የመጡት ሰውዬ ሌላ ምን ሊሉ።

«እንግዲያስ ማሽኑን እንዝጋው» አልኩ እኔ።

«በምን ምክንያት? ተበላሽቷል? ሲጫኑት አይጮኽም?» አለ ሴካራን። «ከዚህ የበለጠ ደህና ማሽን አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፣ ማሽኑ ደህና ነበር። ቢበላሽልን ኖሮ ማሽ የሚዘጉበት አንቀጽ አላቸው። ስለ ደህና ማሽን ግን የሚናገር አንቀጽ የለም።

ማሽ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። ላባቸውን በፎጣው ጠርገው «ወገኖቼ፣ የምትፈልጉትን ብቻ ንኩ» አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገሩት ጮክ ብለው።

«እሺ ማሽ» አለ ሰልፉ ባንድ አፍ። ቀጥሎ የገባው ሰው ከቅጠሉ ጀርባ እጅ ነሣ። «ፒ———ይ።»

አንድ ዘዴ መጣልኝ። በሳጥኑ ክዳን ነው። ክዳኑን ከቅጠሉ በፊት በርጩማ ላይ ብናኖረው፣ ሕዝቡ እሱን ተሳልሞ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ነጻ ነው። ማሽ አሰቡት፣ አሰቡት፣ ክዳን የምርጫ ዕቃ ነው፣ በርጩማ ላይ አይቀመጥም የሚል ሕግ የለም አሉ። ሴካራንም የሚቃወምበት ጠፋው። አኖርነው። የገባ ሁሉ ክዳኑን ነክቶ ዓይኑን ተሳለመ። እኔም እሰይ አልኩ። ከዚያ ከቅጠሉ ጀርባ ገቡና ማሽኑንም ነኩት። ለክዳኑ ሰላም ብሎ ለጌትየው መንፈግማ ነውር ነው።

ወደ ሰልፉ ሮጥኩ። «ስሙኝ፣ ላዩን እንዳትነኩ። ላዩን የነካ ለኩሩፕ ሰጠ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። «ጸሐፊውስ? ጣታችንን ይነክሰናል?» አለ አንዱ።

«የምሬን ነው።»

«ዝሆኑም የምርህን ነበር የቀዘፈው።»

«አክስቴ ትሙት ካልኩ...»

«ባለፈው ሳምንት አክስትህን ሁለቴ ገድለሃታል» አሉኝ። መታይ ክንዴን ይዞ ከኖራው መስመር ወዲያ ወሰደኝ። «የተወዳዳሪ ስም ከመስመሩ ወዲህ አይጠራም፣ ኮቻፒ። ሁለተኛ ከጠራህ አስርሃለሁ፤ ከዚያ ሳጥኑን ማን ይመልሰዋል?» ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ድምፁን ሰጥቷል፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከመስመሩ ማዶ ቆሜ የሚጮኸውን እሰማለሁ። በጮኸ ቁጥር አንድ የጭቃ ጆንያ ከክትሩ ላይ የሚንሸራተት ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቺሩታ መጣች። ለብቻዋ እየቀዘፈች፣ ታጥቦ የተጣጠፈ ነጭ ልብሷን ለብሳ። መስመሩ ጋ ሳትደርስ ያዝኳት።

«አማይ፣ ስሚኝ» አልኳት። አክስትን የምንጠራው እንደዚያ ነው። «ማሽኑን እጅ አትንሺው። ቀጥ ብለሽ ገብተሽ ከታች ያለውን ፋኖስ ብቻ። ላዩን እንዳትነኪ።»

ቀና ብላ ፊቴን መረመረች። «ቀልድ ነው?»

«በካንዳን ይሁንብኝ።»

በሱ ስም ምዬ አላውቅም። ፊቷ ተለወጠ። «ስንቱ ነካው?»

«ሁሉም።»

«ቬላዩዳንስ ያውቃል?»

«ከማዶ ነው ያለው። ማን ይንገረው?»

ልብሷን አስተካከለች። «እኔ አልነካም። አንዷን ለካንዳን አደርሳለሁ» አለችና ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨብጣ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው፣ ወደ ውስጥ ገባች። በመስኮት አየኋት። ክዳኑን አልነካችም፤ ጎኑን አልፋ ሄደች። ከቅጠሉ ጀርባ ስትገባ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ጮኸ።

ስትወጣ የቀኝ እጇ ጣቶች ገና ዓይኗ ላይ ነበሩ።

«እጄን ለቀቅኩት» አለችኝ። «ቁልፉን ልጫን ለቀቅኩት። በራሱ ሄደ። ስድሳ ዓመት ያስተማርኩት እጅ ነው፣ ኮቻፒ፤ ምን ላድርገው?»

ያን እጇን ይዤ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። 

ጣቢያው ተዘጋ። ማሽ ማሽኑን በክዳኑ ከደኑት፣ በቀይ ሰም አተሙት። ሴካራን ፈረመ፤ ኢታንም ፈረመ፤ አልፈርምም ብሎ ነበር፣ ግን ያየኸው ስህተት ምንድነው ሲባል የሚጽፈው አጣ። ሳጥኑን ትራሱ ላይ መልሰን አስቀመጥነው። ቺሩታ ማዶ ዘመድ አለኝ ብላ ታንኳው ውስጥ ተቀመጠች፤ ማዶ ዘመድ የላትም። ማሽ ግን ውረጂ አላሏትም።

ሐይቁ መሀል ስንደርስ አንድ ታንኳ ከፊት መጣ። ቬላዩዳን ነው፣ ወደኛ ደሴት ሊያመሰግን ሲሄድ። ብድግ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

«ኮቻፒ፣ እንዴት ዋለ?»

ሳጥኑን አየሁ። ወደ ማሽ ዞርኩ። ማሽ ውኃውን ያያሉ።

«ሁሉም ወጥቶ መረጠ» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ። «ሰኔ ሳይብት ድንጋዩን አብረን እንጥላለን፣ ቺሩታ አማይ።» ታንኳው አለፈ። ዘፈኑ በውኃው ላይ ትንሽ ቆየ።

ታንኳዬ የተጫነችው ሳጥን ብቻ ይመስላል፤ ለኔ ግን ዝሆኑ ሁለተኛ ተሳፍሮባት ነበር፣ ያውም ሳይቀዝፍ። መቅዘፊያው አንዴ ሳት ቢለኝ፣ አንድ ጊዜ ጎኔን ብጥል፣ ሳጥኑ ከነትራሱ ታች ካንዳን ጋ ይወርዳል። መታይ ዱላውን አነሣ፤ ሐሳቤን አነበበ መሰለኝ። ማስጠሙን ግን አላሰብኩትም ብል ነው ውሸቴ። ሳጥኑ ቢሰጥምስ? ድጋሚ ምርጫ ቢባል እንኳ ዝናቡ ይቀድማል፤ ሕዝቡም ለሚመጣው አዲስ ሳጥን እጅ ይነሣል። ቀዘፍኩ።

«ማሽ» አለች ቺሩታ። «ላናግረው?»

«ምኑን?»

«እሱን።»

ማሽ የታተመውን ሰም አዩ። ማናገር ክልክል ነው የሚል ሕግ የፈለጉ መሰሉ፤ አላገኙም። «አናግሪው» አሉ።

ተጎንብሳ አፏን ከክዳኑ ጋር አስጠጋች። እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ነበር፣ አንዱ በሌላው ታስሮ። «ፋኖስ ነው ያልኩት» አለች ቀስ ብላ፣ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ እንደሚናገሩት። «የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። ለአንተ ለራስህ ነው የሰጠሁህ። እንግዳ ነህ ብዬ ነው። እኔ ያልኩት ፋኖስ ነው። ሁላችንም ፋኖስ ነው ያልነው።»

ጆሮዋን አሳርፋ ጠበቀች። ማሽ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። መታይ ወደ ማዶ ዞረ።

«ሰማ?» አለችኝ።

«እንጃ፣ አማይ።»

የመንግሥት ተሸካሚ ወደቡ ላይ ይጠብቀን ነበር፤ ጎልማሳ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ማናችንንም የማያውቅ። ሳጥኑን ከትራሱ ላይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ከማንሣቱ በፊት የጣቶቹን ጫፍ ክዳኑ ላይ አሳረፈና ወደ ዓይኑ ወሰዳቸው።

«እሱም መረጠ» አለች ቺሩታ።

ሳጥኑን አናቱ ላይ አድርጎ በደረጃው ወጣ። ባዶው ትራስ እኔ ጋ ቀረ፤ ማሽም መልስልኝ አላሉኝም።